የአሮጌ ሞተር ሳይክል መቀመጫ ቅየራ፦ በአንዲት ያማሃ ኤጂ 100 ላይ የተሠራ ሥራ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

ይህን ጉዳይ በጽሑፍ ለማስቀመጥ ያነሳሳኝ፣ ቀላል መስሎን የጀመርነው የመቀመጫ ቅየራ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከመቀመጫ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው የሚመስሉ ብልሽቶችን ይዞ ወደ ጋራዡ መመለሱ ነው። የሞተሩ ጉልበት ቀነሰ፤ የኋላ መብራቱ ፊውዝ ደጋግሞ ተቃጠለ፤ መቀመጫውን የያዘው ብረትም ተሰነጠቀ። ሦስቱም የመጡት እኔ ከሠራሁት ሥራ ነበር። አሮጌ ሞተር ሳይክሎች በየወረዳው አሁንም ሥራ ላይ ናቸው፤ ለእነሱ ተብሎ የተሠራ መቀመጫ ግን በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ አብዛኛው መካኒክ ከሌላ ሞዴል የመጣውን መቀመጫ ቆርጦና በስቶ ለማስማማት ይገደዳል። የእኛ ስህተትና እርማት ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ሞተር ሳይክሏና ባለቤቷ

ሞተር ሳይክሏ ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ሞዴሉ ለእርሻ አካባቢ ታስቦ የተሠራ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት (ዘይትን ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል) ሞተር ያለው ነው። ሰንሰለቱ ከዳር እስከ ዳር የተሸፈነ በመሆኑ ጭቃና አቧራ አይደርስበትም፤ ከፊትም ከኋላም የጭነት መደርደሪያ አለው፤ ተዳፋት መሬት ላይ በፈለጉት በኩል እንዲያቆሙትም በግራና በቀኝ ማቆሚያ እግር ተሠርቶለታል። በዚህ ጠባዩ የተነሳ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የልማትና የእርዳታ ድርጅቶች በገጠር ለሚሠሩ ባለሙያዎቻቸው ለረጅም ዘመን ሲያከፋፍሉት ኖረዋል። ያረጁት በጨረታ ሲሸጡ ወደ ግለሰቦች እጅ ይገባሉ፤ ይህችም የመጣችው በዚሁ መንገድ ነው።

ባለቤቷ በደብረ ማርቆስ ዙሪያና በጮቄ ተራራ ሥር ባሉ ቀበሌዎች እየተዘዋወረች የምትሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ58 ሴንቲ ሜትር ነው። በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን በጠጠርና በጭቃ መንገድ ትጓዛለች፤ ከኋላ ባለው መደርደሪያ ላይም የክትባት መያዣውን የበረዶ ሣጥን ታስራለች። ይህ ሣጥን በሥራው ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበረው፤ ምክንያቱም መደርደሪያውን አንስተን ረጅም መቀመጫ እንዳንገጥም የከለከለን እሱ ነው። ባለሙያዋ ከሣጥኑ ውጭ ሌላ ሰው አትጭንም፤ ስለዚህ የሚያስፈልጋት ለአንድ ሰው የሚበቃ፣ ዝናብ የማያስገባና ሁለቱም እግሮቿ መሬት እንዲነኩ የሚያስችል መቀመጫ ነበር።

የነበረው ችግር

ሚያዝያ ውስጥ ወደ ጋራዡ ስትመጣ መቀመጫው ላይ የታጠፈ የማዳበሪያ ጆንያ በገመድ ታስሮ ነበር። «ጋሼ፣ ሞተሩስ አላስቸገረኝም፤ ማታ ቤት ስገባ ግን ወገቤን ይዤ ነው የምወርደው» አለችኝ። ጆንያውን ስንፈታው ልባሱ ከላይ ባለው ስፌት ላይ ተተርትሮ፣ በውስጥ ጎማ ቁራጭ ተለጥፎ አገኘነው። በእጄ ስጫነው ከስፖንጁ ውስጥ ውኃ ወጣ። መካከለኛው ክፍል እጅግ ስለሳሳ የምትቀመጠው በስፖንጁ ላይ ሳይሆን፣ ከሥሩ ባለው ብረት ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

መቀመጫውን ፈትተን ከጎረቤት እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው 6.4 ኪሎ ግራም መዘነ። ዘጠኝ ቀን ፀሐይ ላይ አቆይተን ዳግመኛ ስንመዝነው 4.3 ኪሎ ግራም ሆነ፤ ከሁለት ሊትር በላይ ውኃ ተሸክሞ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ውኃው የገባው በላይኛው ስፌት ነው፤ ከገባ በኋላ ግን መውጫ አላገኘም። ልባሱ በብረቱ ጠርዝ ዙሪያ በሚታጠፍበት ቦታ እንደ ቦይ ሆኖ ውኃውን ይዞታል፤ የብረቱ ዝገትም የጀመረው ከዚያው ጠርዝ ነው። ከኋላ ሁለቱ ቡሎኖች የሚገቡበት አካባቢ ዝገቱ ላሜራውን በልቶት በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር። ይህን አሮጌ ብረት ያን ጊዜ አልጣልነውም፤ ኋላ ላይ ከሁሉም በላይ የጠቀመን እሱ ሆነ።

የመጀመሪያው ሙከራ

ለሞዴሉ የተሠራውን መቀመጫ ከውጭ ማስመጣት በዋጋም በጊዜም አላዋጣም። አሮጌውን ብረት መጠገንም ተስፋ የሌለው መሰለኝ። ስለዚህ በገበያው በብዛት የሚገኝ፣ ለአንድ የህንድ 100 ሲሲ ሞተር ሳይክል የተሠራ አዲስ መቀመጫ እንድትገዛ መከርኋት። መቀመጫው በራሱ ጥሩ ዕቃ ነበር፤ ስፖንጁ በቅርጽ ማውጫ የተሠራ ጠንካራ ስፖንጅ፣ የታችኛው ሰሌዳ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ችግሩ ለሌላ ሻንሲ (የሞተር ሳይክሉን አካል ለሚሸከም የብረት አጽም) የተሠራ መሆኑ ላይ ነው።

በሰልባትዮው፣ ማለትም በነዳጅ መያዣው፣ እና በኋላ መደርደሪያው መካከል ያለው ቦታ 52 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ አዲሱ መቀመጫ 68 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የሻንሲው ሁለት ቱቦዎች ከመሐል እስከ መሐል 17 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ በፕላስቲኩ ሥር ያሉት ጎሚኒዎች (ሰሌዳው የሚያርፍባቸው የጎማ ድጋፎች) ግን 21 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ በመሆናቸው ከቱቦዎቹ ውጭ በአየር ላይ ይቀራሉ። ርዝመቱን አይቼ ስፋቱን ችላ ማለቴ የመጀመሪያው ስህተት ነበር። የኋላውን 16 ሴንቲ ሜትር በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ቆረጥሁ፤ በፊት በኩል የነበረውን ምላስ (ከሰሌዳው የወጣውን ጠፍጣፋ ጫፍ) አሳጥሬ ከሻንሲው ድልድይ ሥር አስገባሁት፤ ከኋላ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶችን በቡሎን ከፕላስቲኩ ጋር አስሬ ወደ አሮጌዎቹ ቀዳዳዎች አገናኘኋቸው። ስትቀመጥበት ምቹ ነበር፤ ቁመቱም ብዙ አልከበዳትም። ተመሰጋግነን ተለያየን።

በ19ኛው ቀን

ባለሙያዋ በ19ኛው ቀን ስትመለስ ሦስት ነገር ተናገረች። ወደ ጮቄ የሚያወጣውን ዳገት ሞተሩ እንደ ቀድሞው በሦስተኛ ማርሽ አይወጣም፤ ይታፈናል፣ ጢሱም በዝቷል። የኋላ መብራቱ ፊውዝ ሦስት ጊዜ ተቃጥሏል። መቀመጫውም ከኋላ በግራ በኩል ይንቀጫቀጫል።

በመጀመሪያ ያየነው የሚንቀጫቀጠውን ነው። የግራው ጠፍጣፋ ብረት መታጠፊያው ላይ እስከ ግማሽ ስፋቱ ተሰንጥቋል፤ በፕላስቲኩ ላይ የበሳሁት ቀዳዳም ሞላላ ሆኗል። ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ቁራጭ ጋዜጣ በጎሚኒውና በቱቦው መካከል አስገብቼ ባለሙያዋ እንድትቀመጥ ጠየቅኋት። እሷ ተቀምጣበት እያለ ጋዜጣው ያለ ምንም ችግር ተስቦ ወጣ። ሌሎቹ ሦስቱ ጎሚኒዎችም ያው ነበሩ። ክብደቷን ሁሉ የተሸከሙት በፊት ያለው ምላስና በኋላ ያሉት ሁለት ቡሎኖች ናቸው።

የሞተር ሳይክል መቀመጫ እንዴት ክብደት እንደሚሸከም ቆም ብሎ ማሰብ የነበረብኝ ከመቁረጤ በፊት ነበር። ክብደቱን ወደ ሻንሲው የሚያስተላልፉት በሰሌዳው ሥር ያሉ ጎሚኒዎች ናቸው፤ ምላሱ የፊቱ ክፍል ወደ ላይ እንዳይነሳ ያደርጋል፤ ቡሎኖቹም መቀመጫው ወደ ኋላና ወደ ላይ እንዳይሸሽ ይይዛሉ እንጂ ሰው ለመሸከም አልተሠሩም። ጎሚኒዎቹ ሻንሲውን ካልነኩ ጠጠር መንገድ ላይ እያንዳንዱ ምት ቡሎኑ ላይ ያርፋል፤ ብረቱም ወዲያና ወዲህ እየተጣጠፈ ይደክምና ይሰነጠቃል። ወፍራም ብረት ብተካበት ኖሮ ከብረቱ ይልቅ ፕላስቲኩ ይሰበር ነበር።

የፊውዙ ጉዳይ ብዙ አላደከመንም። የኋላ መብራቱ ሽቦ በፓራፋንጎው (በጎማው ጭቃ መከላከያ) ላይ በሚያልፍበት ቦታ፣ በሴጌቶ የቆረጥሁት የፕላስቲክ ጠርዝ ሽቦውን ጨፍልቆ ልባሱን ልጦታል። መቀመጫው በተጫነ ቁጥር ሽቦው ከፓራፋንጎው ብረት ጋር ይገናኛል።

የጉልበቱ መቀነስ ግን ለግማሽ ቀን አስቸገረን። ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ጠቁሮና ረጥቦ ተገኘ፤ ይህ የነዳጁ መጠን ከአየሩ መብዛቱን ያሳያል። የአየር ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) ብናጥበው ለውጥ አልመጣም፤ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ተፈትሾ ንጹሕ ሆነ። በመጨረሻ መቀመጫውን ፈትቼ፣ የእግር መርገጫው ላይ ቆሜ ከጋራዡ በላይ ያለችውን አጭር ዳገት ወጣሁ። ሞተሩ እንደ ድሮው ጎተተ። መቀመጫውን መልሼ ገጥሜ ያንኑ ዳገት ስወጣ ታፈነ። ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ያው ሆነ።

በዚህች ሞተር ሳይክል ላይ የፊልትሮው ሣጥን አየር የሚስብበት አፍ ወደ ላይ ዞሮ ከመቀመጫው ሥር ነው የሚከፈተው፤ በመንገድ ላይ ያለ ውኃና አቧራ በቀላሉ እንዳይደርስበት ተብሎ ነው። አፉ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሲሆን፣ በእሱና በአዲሱ ፕላስቲክ መካከል የቀረው ክፍተት 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፤ ሰው ሲቀመጥ ደግሞ ፕላስቲኩ ስለሚጎብጥ ከዚያም ያንሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በክብ አፍ ዙሪያ የሚገባው አየር ቢያንስ የአፉን ያህል መተላለፊያ እንዲያገኝ ክፍተቱ ከዲያሜትሩ ሩብ ማነስ የለበትም፤ ለ32 ሚሊ ሜትር አፍ ይህ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ አየሩ በነፃነት እንዲዞር ደግሞ ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

በእኛ አካባቢ ይህ ጉዳይ ይብሳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ላይ ሲሠራ ነዳጁ ለአየሩ ቀድሞውንም ይበዛበታል። የአየሩ አፍ ሲጠብ ደግሞ የቀረችው ጥቂት ክልል አልቃ ካንዴላው ይቆሽሻል። ቆላ ላይ ላይታወቅ የሚችል ስህተት ደጋ ላይ ዳገት የሚከለክል ሆነ።

ሁለተኛው ሥራ፦ የታችኛው ሰሌዳ

ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ለመተው ወሰንን። ከተገዛው መቀመጫ በመጨረሻ የተጠቀምንበት ስፖንጁን ብቻ ነው። አዲሱን ሰሌዳ የሠራነው የዛገውን አሮጌ ብረት እንደ ልክ በመጠቀም ነው፤ ምንም ያህል ቢበላም የጎሚኒዎቹ ቦታ፣ የምላሱ ርዝመትና ለአየሩ አፍ የተተወው ጉብታ አሁንም ይነበብበት ነበር። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽድተን በወፍራም ወረቀት ላይ ነደፍነው፤ የጎደሉትን ጠርዞች ከሻንሲው ላይ ለክተን ሞላናቸው፤ ወረቀቱንም ሞተር ሳይክሏ ላይ አስቀምጠን ካየን በኋላ ነው ወደ ብረት የሄድነው።

ሰሌዳው የተሠራው ከ1.2 ሚሊ ሜትር ጥቁር ላሜራ ነው። ዚንክ የተለበሰ ላሜራ ዝገትን የተሻለ ቢቋቋምም ሲበየድ የሚወጣው ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ስለሚያመጣ አልመረጥነውም። ሳሳ ያለ ላሜራ እንዳይጎብጥ ዙሪያውን 15 ሚሊ ሜትር ወደ ታች አጠፍነው፤ በርዝመቱም ሁለት የተቀረቀሩ መስመሮችን በመዶሻ አወጣንበት። ከአየሩ አፍ በላይ ያለውን ቦታ ወደ ላይ አጎበጥነውና ክፍተቱ ሰው ተቀምጦበት 25 ሚሊ ሜትር ሆነ። በፓራፋንጎው በኩል ለሽቦው መተላለፊያ ተውን፤ ሽቦውም በጎማ ቱቦ ተሸፍኖ ከሻንሲው ጋር ታሰረ።

ምላሱ ከ4 ሚሊ ሜትር ብረት ተቆርጦ ሰፊ መሠረት ተደርጎለት ተበየደ፤ እንዳይንኳኳም በውስጥ ጎማ ቁራጭ ተጠቀለለ። የኋላዎቹ ጆሮዎች (ቡሎኖቹ የሚገቡባቸው ጫፎች) 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ናቸው። የብየዳው ሥራ በሙሉ የተሠራው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከሞተር ሳይክሏ ጋር እንደተያያዘ የተበየደ ነገር የለም፤ ሻንሲውም አልተበሳም፣ አልተነካም። ሰልባትዮ አጠገብ ብልጭታ ማስነሳት ሕይወት የሚያሳጣ ነገር በመሆኑ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ጎሚኒዎቹን ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ጎን ቆርጠን አራቱን በማስቲሽ ለጠፍናቸው። እያንዳንዱ ሻንሲውን በእኩል መንካቱን ለማወቅ የቱቦዎቹን ጀርባ በጠመኔ ቀባን፤ ሰሌዳውን አስቀምጠን ባለሙያዋ ከተቀመጠችበት በኋላ አንስተን ገለበጥነው። ሦስቱ ጎሚኒዎች ላይ ነጭ ምልክት ወጣ፤ የቀኙ የኋላ ጎሚኒ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ሁለት ሚሊ ሜትር ጎማ ጨምረንበት እንደገና ስንሞክር አራቱም ነጡ። ቡሎኖቹ የተጠበቁት ከዚህ በኋላ ነው፤ ሰፊ ሮንዴላ (ከቡሎን ሥር የሚገባ የብረት ቀለበት) ተደርጎላቸው፣ ጎሚኒዎቹን ትንሽ እስኪጨምቁ ድረስ ብቻ። የፊቱ ጠርዝ ሰልባትዮውን እንዳይገፋም 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተተወ። መቀመጫ ሰልባትዮን ከገፋ የሰልባትዮው የኋላ መያዣ ጎማ ይጎዳል፤ ንዝረቱም በጊዜ ብዛት ቆርቆሮውን ይሰነጥቀዋል።

ስፖንጁና ቁመቱ

ስለ ስፖንጅ ብዙ ሰው ለስላሳና ምቹ አንድ ነገር ይመስሉታል። ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲጫኑት ደስ የሚል የፍራሽ ስፖንጅ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ ሙሉ በሙሉ ተጨፍልቆ ተጓዡን ብረቱ ላይ ያስቀምጠዋል። የእጅ ግፊት ሰው ሲቀመጥ ካለው ክብደት ጋር አይነጻጸርም። እኛ የተጠቀምንበት መፈተሻ ጉልበት ነው፤ ስፖንጁን መሬት ላይ አድርጎ በአንድ ጉልበት ሙሉ ክብደትን ማሳረፍና መሬቱ የሚሰማ እንደሆነ ማየት።

በሰሌዳው ላይ በመጀመሪያ ከስፖንጅ ቁርጥራጭ ተጨምቆ የተሠራ 2.5 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ ሄደ፤ በላዩ ከተገዛው መቀመጫ የወጣው ስፖንጅ ሥሩ ተስተካክሎ ተደረበ፤ ከሁሉም በላይ 1 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ ስፖንጅ ተነጠፈ። ማስቲሹ የተቀባው በጠርዝ በጠርዙ ብቻ ነው፤ መካከሉ ላይ ከተቀባ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ጠንክሮ በልባሱ ላይ ይቆጠቁጣል።

ቁመቱን ለመቀነስ የመጀመሪያ ሐሳባችን ስፖንጁን ማሳነስ ነበር። ሆኖም ልባሱን የሚሰፉልን የወንበር ሰፊ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ባለሙያዋ ቆማ ሞተር ሳይክሏን በእግሮቿ መካከል እንደያዘች ለጥቂት ጊዜ ተመለከቷትና «ልጄ፣ እግርሽን ያራቀው ከፍታው አይደለም፤ ስፋቱ ነው» አሏት። እውነታቸውን ነበር። የመቀመጫው አፍንጫ 25 ሴንቲ ሜትር ሰፊ ስለነበር ጭኖቿ ወደ ጎን ተከፍተው እግሮቿ ቀጥ ብለው መውረድ አልቻሉም። ሁለቱን የፊት ጎኖች በቢላዋ ገርዘን በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስን ወደ 19 ሴንቲ ሜትር አጠበብነው፤ ከቁመቱ የቀነስነው 1.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የጫማዋ ጫፍ ብቻ መሬት ይነካ የነበረችው ባለሙያ ሁለቱንም የእግር መዳፎች መሬት ላይ አሳረፈች። ስፖንጁን ብናሳንሰው ኖሮ ያገኘነውን ምቾት መልሰን እናጣ ነበር።

ልባሱና ውኃው

ልባሱ የተሰፋው ከሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። ስፌቶቹ በሙሉ ከመቀመጫው ወለል ወርደው በጎኖቹ ላይ እንዲሆኑ ወንበር ሰፊውን ለመንናቸው፤ እሳቸው ግን ከላይ ያለው መስመር ውበት ይሰጣል ባይ ነበሩ። የቀድሞውን ስፌትና በሚዛን ያየነውን ሁለት ሊትር ውኃ ስነግራቸው ተቀበሉ። የጎኖቹ ስፌቶች ከውስጥ በሲሊኮን ተደፈኑ፤ በስፖንጁና በልባሱ መካከልም ቀጭን ፕላስቲክ ተደረገ። ልባሱ ከመወጠሩ በፊት ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ስለለሰለሰ ያለ ብዙ ጉልበት ተወጠረ፤ ከሰሌዳው ሥርም በቀጭን የአሉሚኒየም ጠፍጣፋ ተይዞ በሪቬት ታሰረ።

ምንም ያህል ቢደፈን ጥቂት ውኃ መግባቱ አይቀርም። ዋናው ነገር የገባው እንዲወጣ ማድረግ ነው። ሰሌዳው ጸረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ከተቀባ በኋላ በዝቅተኛ ቦታዎቹ ላይ 8 ሚሊ ሜትር የሆኑ አራት ቀዳዳዎች ተበሱ፤ የቀዳዳዎቹ ጠርዝም ዳግመኛ ተቀባ። ዝቅተኛ ቦታ የሚባለው ሞተር ሳይክሏ ቀጥ ብላ ስትቆም ያለው እንዳይመስለን። ዝናብ የሚወርድባት ብዙውን ጊዜ ማቆሚያ እግሯ ላይ አጋድላ ቆማ ነው፤ ይህች ደግሞ በሁለቱም ጎን ስለምትቆም ቀዳዳዎቹ በግራም በቀኝም ጠርዝ አጠገብ መሆን ነበረባቸው።

ፍተሻውና ውጤቱ

ባለሙያዋ የበረዶ ሣጥኗን አስራ በጠጠር መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ እንድትመለስ ተደረገ። ስትመለስ ቡሎኖቹ ትንሽ ላልተው ስለነበር ዳግመኛ ተጠበቁ፤ ጎሚኒዎቹ ቦታቸውን ይዘዋል፤ የካንዴላው ቀለም ከጥቁር ወደ ቡናማ ተቀይሯል። ያንን ዳገትም በሦስተኛ ማርሽ ወጥታዋለች። ፊውዙ ከዚያ ወዲህ አልተቃጠለም።

ሐምሌ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ካደረ በኋላ፣ መቀመጫውን ፈትተን ወደዚያው እህል ነጋዴ ወሰድነው። አዲስ ሳለ 4.9 ኪሎ ግራም ነበር፤ ያን ጠዋት 5 ኪሎ ግራም ሆነ። መቶ ግራም ውኃ፣ አብዛኛውም ልባሱ ላይ የቀረ ነው።

ያልተሳካው

የግራው የኋላ ጎሚኒ ነሐሴ ላይ ተላቀቀ። ማስቲሽ በጭቃና በንዝረት ውስጥ ብቻውን እንደማይበቃ ማወቅ ነበረብኝ፤ አሁን አራቱም ጎሚኒዎች በማስቲሹ ላይ በትንንሽ ቡሎኖች ተይዘዋል፤ የቡሎኖቹ ራስም ቱቦውን እንዳይነካ በጎማው ውስጥ ሰጥሟል። ስፖንጁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለባለሙያዋ ጠንክሮባት ነበር። እያደር ቢለምድላትም ከታች ያለውን ንጣፍ 2 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ። የአፍንጫው ማዕዘን ላይ ያለው ልባስ ትንሽ ተሸብሽቧል፤ ሰፊው ያን ጊዜም አልወደዱትም፣ ዛሬም ባዩት ቁጥር ያነሱታል። ሁለተኛ ሰው መጫን የሚፈልግ ባለቤት ቢሆን ደግሞ ይህ አሠራር አይሆነውም።

ወጪውም መነሳት አለበት። ባለሙያዋ የገዛችው መቀመጫ ፕላስቲኩም ልባሱም ሳይጠቅሙ ቀርተዋል፤ ገንዘቡ የባከነው በእኔ ምክር ስለሆነ የሁለተኛውን ሥራ የእጅ ዋጋ አልተቀበልኋትም።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

የሌላ ሞዴል መቀመጫ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከርዝመቱ በፊት የጎሚኒዎቹን ስፋት ከሻንሲው ቱቦዎች ጋር ያነጻጽር። ርዝመት በመጋዝ ይስተካከላል፤ የጎሚኒዎቹ ቦታ ካልገጠመ ግን ሰሌዳው አዲስ መሠራት አለበት። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሙሉ መቀመጫ መግዛቱ ትርጉም የሚኖረው ስፖንጁ ለብቻው የማይገኝ ሲሆን ነው።

መቀመጫ ከተቀየረ በኋላ ሞተሩ ወይም መብራቱ ሲበላሽ፣ ካርቡሬተር ከመፍታት በፊት መቀመጫውን አውርዶ መሞከር ግማሽ ቀን ያተርፋል። በአብዛኛው አሮጌ ሞተር ሳይክል ከመቀመጫው ሥር የአየር መግቢያ፣ ሽቦ፣ ባትሪ ወይም የሁለት ምት ዘይት ማጠራቀሚያ አለ፤ የእነዚህ ሁሉ ክፍተት መለካት ያለበትም ሰው ተቀምጦ እያለ እንጂ ባዶውን አይደለም። ከሰሌዳው ሥር ትንሽ ጭቃ ወይም ለስላሳ ሊጥ አስቀምጦ ሰው ካስቀመጡበት በኋላ የተጨፈለቀውን ውፍረት ማየት ይበቃል።

የዛገ አሮጌ ሰሌዳ ሥራው እስኪያልቅ አይጣል። የእኛን የወረቀት ልክ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። በጥቅምት ሌላ ኤጂ 100 መጥታ ልኩን ስናስቀምጥባት የኋላ ጆሮዎቿ በ8 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ተገኙ፤ ከዚያ በፊት አንድ በያጅ ነካክቷቸው ኖሯል። ልኩን አስተካክለን፣ ጠመኔውን ቀብተን ሥራውን ጀመርን።